ሲለቁት የሚቆም ጩኸት

ማብሪያው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። የተተከለው ከጠፍር አልጋው ራስጌ፣ ተኝቶ እጁን የዘረጋ ሰው በሚደርስበት ከፍታ ነው። ላየው ሰው ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። እንደ ድሮው ማብሪያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ምላስ የለውም፤ ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ሲጫኑት ይገባል፣ ጣት ሲነሣ ወደ ቦታው ይመለሳል። መተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ማብሪያ ያለበት ሌላ ቤት አላየሁም።

ቤቱ የእህቴ ነው። እኔ ከድንበሩ ዜና የምልክ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሥራዬ በአብዛኛው ኬላው ላይ ቆሞ የሚሻገረውን ሰው ማነጋገር ሆኗል። ማደሪያዬ እህቴ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ባሏ ከኮኪት ወዲያ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ድምፁ ከትራክተር በላይ የሚሰማ ሰው ነበር። ከእኔ ጋር እኩያ ስለሆንን እንደ አማች ሳይሆን እንደ ጓደኛ ነበር የምንሰዳደበው። “ያንተ ሥራ ምን ሥራ ነው? ሰው የነገረህን ለሰው መንገር! እኛ ሐሜት ነው የምንለው” ይለኝ ነበር።

ስትሮክ የመታው ሰሊጡ ባበበበት ሰሞን ነው። ጎንደር ወስደን አሳከምነው፤ መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ቆየን፤ ከዚያ መለስነው። ቀኝ ጎኑ አይሠራም። ቃል ከአፉ አይወጣም፤ የቀረው “እ” የምትል ድምፅ ናት፣ እሷም ከበሩ አታልፍም። ግራ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አንድ ነገር ከያዘ ቶሎ አይለቅም፣ ሊይዝ ሲፈልግ ደግሞ አንዳንዴ እንቢ ይለዋል። ሐኪሙ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ ሕመሙ ሊደግመው እንደሚችል ነግሯት ነበር። እሷም ለእኔ ነገረችኝ፤ ለእሱ አልነገርነውም። በኋላ ግን ከዓይኑ እንዳየሁት ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር።

ሰሊጥ ሰው ታመመ ብሎ አይጠብቅም። ሲደርስ ካልታጨደ ፍሬው ይፈነዳና መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ደግሞ በዚያ ዓመት መንገዱን ፈርተው ብዙዎቹ ቀርተዋል፤ የመጡትም ባለቤት አጠገባቸው ካላዩ ወደሌላ እርሻ ይሄዳሉ። ስለዚህ እህቴ ማለዳ በትራክተር ተሳፍራ ወደ እርሻው ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። እኔ ኬላ ነኝ። ጠዋት የምታጥበውና የምታበላው ሴት ቁርሱን አብልታው ትሄድና ወደ ማታ ትመለሳለች። በመሀል ያለው ጊዜ፣ ቆርቆሮው የሚግልበት ሰዓት፣ የእሱ ብቻ ነው። አንድ ነገር ቢሆን እንዴት ይጠራል? እህቴን እንቅልፍ የሚነሣት ይህ ነበር። ጠጠር የከተትንበት ጣሳ ሰጠነው፤ ከእጁ ወድቆ አልጋው ሥር ገባ። መልሶ የሚያነሣለት ሰው አልነበረም።

ኤሌክትሪሻኑን ያገኘሁት ኬላው ላይ ነው። ጎንደር ተወልዶ ብዙ ዘመኑን ካርቱም የኖረ፣ የሀብታም ቤት መብራት የሚዘረጋ ሰው ነበር። ሲሸሽ ከልብሱ ይልቅ የመሣሪያ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ውስጡ ካልተጨረሰ ቪላ የተረፉ ማብሪያዎች፣ አንዲት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሳጥንና የማንቂያ ሳይረን ነበሩ። ቤት ወሰድሁት። በሽተኛውን አየ፣ ጣራውን አየ፣ የሶላር ባትሪውን ከፍቶ አየ።

“ይኸ ማብሪያ አይደለም ያ ዞል፤ ይኸ ጆሮ ነው” አለኝ በካርቱም አነጋገሩ፣ ነጩን ሰሌዳ እያገላበጠ። “አንዴ ጠቅ ካረግኸው አንድ ነገር ይሰማል። ተጭነህ ከያዝኸው ሌላ ነገር ይሰማል። ስትለቀውም ይሰማል። እያንዳንዱን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ በስልኬ የምነግረው።”

“ኢንተርኔት አይፈልግም?” አልሁት።

“ኢንተርኔት ቢፈልግማ እዚህ አገር ለጌጥ ነበር የምሰቅልላችሁ።”

እህቴ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። “እንዲጮኽ ታደርገዋለህ? ጎረቤት እንዲሰማ?”

“ጎረቤት? ሱዳን ይሰማል፣ እትዬ።”

እንዲህ አድርጎ አዘጋጀው፦ ቁልፉን አንዴ ጠቅ ሲያደርገው አልጋው አጠገብ ያለው ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ ይነሣል ወይም ይቆማል። ተጭኖ ሲይዘው ጣራ ላይ ያለው ሳይረን ይጮኻል፤ አንዴ ከተነሣ ሰው መጥቶ እስኪያጠፋው አያቆምም። በሽተኛው ግራ እጁን ዘርግቶ ሞከረ። ሳይረኑ ሲጮህ ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ አገር ኡኡታ ሲሰማ ሰው መሣሪያውን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ለማያውቅ መናገር ያስፈልጋል። ሽፍታ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ሊወስዱ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጥሪ የሰማ ሁሉ በአጥሩም በበሩም ዘሎ ይገባል፤ ያልመጣ ሰው በኋላ ዓይን ዓይኑን ይታያል። ሳይረኑ የመጀመሪያውን ጥሪ ያሰማው እኔ ቤት በነበርሁበት ቀን ነው። ከክፍሌ ስወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ አንዱ ክላሹን ደቅኖ በመስኮት ያያል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጠመንጃ አንግተው ከፊት ናቸው። ገባን። ሌባ የለም። በሽተኛው በላብ ተነክሮ፣ እጁ ቁልፉ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ያየናል። ቬንትሌተሩ ቆሟል። ሙቀት በዝቶበት ማራገቢያውን ሊያስነሣ ፈልጎ ነው፤ እጁ አልለቅም ብሎት ነው።

“ሌባው ሙቀቱ ነው! ተኩሱበት!” አለ አንዱ ወጣት፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ይህ ተደጋገመ። ቬንትሌተር በፈለገ ቁጥር መንደሩ ታጥቆ ይመጣል። ሰዎቹ መጀመሪያ እየሳቁ፣ ቀጥሎ ዝም ብለው፣ ቀጥሎ እያጉረመረሙ ተመለሱ። አንድ ቀን ሽማግሌው ከሁሉም በኋላ ቀርተው እህቴ ያቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኤሌክትሪሻኑም ነበረ።

“ልጄ፣ የውሸት ኡኡታ ክፉ ነው” አሏት። “ሰው አንዴ ይመጣል፣ ይደግማል። ከዚያ እግሩ ይከብደዋል። እዚህ አገር ሰው የሚጠበቀው በጎረቤት እግር ነው፤ እግር ከከበደ አለቀ።”

“ምን ላድርግ አያ? ላንሣው?”

“አይነሣም። ወግ ይኑረው እንጂ።” ወደ ኤሌክትሪሻኑ ዞሩ። “አንተ፣ የካርቱሙ። እኛ ጥይት ስንሰማ ምን እናደርጋለን? አንዱን እንተወዋለን። ሠርግ ይሆናል፣ ልቅሶ ይሆናል፣ አዲስ መሣሪያ የገዛ ይሆናል። ተከታትሎ ሲመጣ ነው የምንነሣ። ይኸን ለዕቃህ ልታስተምረው አትችልም?”

ኤሌክትሪሻኑ ጭኑን መታ። “ተማም! እችላለሁ እንጂ! ሲይዘው ይጮኻል፤ ሲለቀው ዝም ይላል። ተሳስቶ ከሆነ ጩኸቱን ሲሰማ እጁን ያነሣል፤ እናንተም አጭር መሆኑን ሰምታችሁ ትቀመጣላችሁ። የምር ከሆነ አይለቀውም፣ ይረዝማል። ረጅሙን ስትሰሙ ትመጣላችሁ። ኸላስ!”

እህቴ የባሏን እጅ ይዛ ነበር። “ቢደክመውስ?” አለች።

“ምኑ?”

“እጁ። ይዞ መቆየት ቢያቅተው?”

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ልጄ፤ ቁልፍ መያዝ ያቅተዋል እንዴ?”

እሷም ሳትወድ ሳቀች። በሽተኛው “እ” አለ። የመስማማት ይሁን የሌላ አላወቅንም። ጥያቄዋ እዚያው ቀረ። ኤሌክትሪሻኑ ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ነካካ፤ ሥራው ውኃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም።

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ወግ ሠራ። ቀን ላይ ሳይረኑ “ጢው” ይልና ይቆማል። ከአጥሩ ውጭ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሰሙና “ለቀቀው” ይላሉ፤ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። “ለቀቀው” የመንደሩ ቃል ሆነ። ኬላ ላይ እንኳ አንዱ ከሌላው ጋር ተጨቃጭቆ ሲተወው “ለቀቀው” ሲሉ ሰምቻለሁ። በሽተኛውም ለመደ። ጩኸቱን ሲሰማ ከእጁ ጋር ይታገላል፤ አንዳንዴ ጉልበቱን ሰብስቦ ክንዱን ከግድግዳው ይጥለዋል።

በዚህ መሀል ወጉን ሁላችንም ይበልጥ እንድናምነው ያደረገ ነገር ሆነ። አንድ ቀን ሳይረኑ ጮኸ፣ አላቆመም። ሰዎቹ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ተነሡ። ሽማግሌው ሲገቡ እባብ ከአልጋው እግር ተጠምጥሟል። በሽተኛው ዓይኑን ከእባቡ ሳያነሣ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ቁልፉን ይዟል። በዱላቸው ገደሉት። ማታ እህቴ ስትመጣ ሰዎቹ የእባቡን ሬሳ እንጨት ላይ ሰቅለው አሳዩዋት። “አላልሁሽም?” አሏት ሽማግሌው። “የምር ሲሆን አይለቅም።” እሷም አመነች። እኔም አመንሁ። በማስረጃ የተደገፈ ነበራ።

የሞተበት ቀን እኔ ኬላ ነበርሁ። እህቴ እርሻው ላይ ናት፤ ታጭዶ ሂላ በሚሉት ክምር የቆመው ሰሊጥ ደርቆ የሚራገፍበት ጊዜ ስለነበር አንዲት ቀን እንኳ ልትቀር አትችልም። የሆነውን የማውቀው ጠይቄ ነው። ከኒሟ ሥር የነበሩትን አንድ በአንድ፣ አንዱ ሌላው በሌለበት፣ እንደ ሥራዬ ጠየቅኋቸው። በሥራዬ ዘመን ምስክሮች ሲጋጩ ነው የለመድሁት። እነዚህ አልተጋጩም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሳይረኑ ጮኸ። ቬንትሌተር ፈልጎ ሲሳሳት ከሚሰማው “ጢው” ትንሽ የረዘመ ነበር ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። ከዚያ ቆመ። ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

“ከዚያስ?” እላለሁ።

“ለቀቀው አልን።”

“ማን ነው ያለው?”

“ሁላችንም።”

ያገኘችው ወደ ማታ የመጣችው ሴት ናት። ከአልጋው ወርዶ፣ ወይም ወድቆ፣ ከማብሪያው ሥር ወለሉ ላይ ነበር። ጀርባው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ግራ ክንዱ አሁንም ወደ ላይ ሊዘረጋ እንደሞከረ ታጥፎ ቀርቷል። ቬንትሌተሩ አልተነሣም። ከኬላ ስደርስ ሰዎች ሬሳውን አልጋው ላይ አስተካክለው ነበር፤ እኔ ግን ግድግዳውን አየሁ። በኖራው ላይ፣ ከቁልፉ ጀምሮ ቁልቁል፣ የላብ እጅ የተንሸራተተበት መስመር አለ። መሬት ሳይደርስ ይቆማል።

ኋላ ከጤና ጣቢያው ሰው ጋር ተነጋገርሁ። ሕመሙ ደግሞት ይሆናል አለኝ። ቢደርሱለት ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም። ስለዚህ ይተርፍ ነበር ብዬ ልጽፍ አልችልም። ብቻውን አይሞትም ነበር ብዬ ግን መጻፍ እችላለሁ።

በቀብሩ ላይ በአገሩ ልማድ ጥይት ተተኮሰለት። አንድ ይተኮሳል፤ ዝም ይላል፤ ቆይቶ ሌላ ይተኮሳል። ማንም ቀና ብሎ አላየም። እህቴ ግን በእያንዳንዱ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል ባለው ዝምታ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቅ ነበር። አጠገቧ ስለነበርሁ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከኒሟ ሥር የሚቀመጥ ሰው ቀነሰ። ሽማግሌውን ለቅሶ ቤቱ እስኪነሣ ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጠው አይተናቸዋል፤ ከማንም ጋር አልተጫወቱም። የመጨረሻው ቀን ሰው ሲበተን እህቴ አጠገብ መጡ። ጠመንጃቸውን አልያዙም ነበር፤ ዱላ ብቻ።

“ያን ጊዜ ‘ቢደክመውስ’ ብለሽ ነበር” አሏት።

“ብዬ ነበር አያ።”

“እኔም ቀለድሁ።”

“ቀልደው ነበር።”

እህቴ “እግዜር ያጽናዎ” ልትል አልቻለችም፤ ሐዘንተኛዋ እሷ ናት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወጡ።

ኤሌክትሪሻኑ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሥራ አግኝቶ አብደራፊ፣ የአንድ ባለሀብት መጋዘን መብራት ሲዘረጋ ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ለመግባት ተቸገረ። ያ ሁሉ ቀልዱ አብሮት አልነበረም።

“ላንሣልሽ እትዬ?” አላት፣ ወደ ማብሪያው ሳያይ። “ግድግዳውንም አስተካክዬ ቀለም አስቀባልሻለሁ።”

“አታነሣውም” አለች። “ገልብጠው።”

“እንዴት?”

“ሲነካ ይጩኽ። ሲለቁት አይቁም። እስኪመጡለት ይጩኽ።”

“መጀመሪያ እኮ እንዲያ ነበር። የውሸት ጩኸት በዝቶ አይደል...”

“ይብዛ።”

ሻንጣውን ከፍቶ ውስጡን አገላበጠ። “እንግዲያው ሌላ ማብሪያ ከበሩ ውጭ እተክላለሁ። ማቆሚያው እሱ ይሁን። እሱንም ተጭኖ ለያዘ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። ከአልጋው ማቆም አይቻልም። የሚያቆመው መጥቶ በሩ ላይ የቆመ ሰው ነው።”

“እንዲያ አድርገው።”

“ለማን ነው?” አልኋት እኔ። “አሁን እዚህ የሚተኛ ሰው የለም።”

ዞራ አየችኝ። “እኔ አለሁ አይደል እንዴ” አለች። እውነቷን ነው። ልጆቿ አድገው ሩቅ ሄደዋል፤ እኔም ነገ የት እንደምላክ አላውቅም።

ኤሌክትሪሻኑ ሥራውን ሲጨርስ “ልሞክረው?” አለ። እህቴ በእጇ ከለከለችው። ራሷ ሄዳ ባዶው ጠፍር ላይ ተቀመጠች፤ ክንዷን ዘርግታ ቁልፉን ተጭና ያዘች። ሳይረኑ ጮኸ። እጇን አነሣች። ዝም አላለም። እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ሳይረኑ እየጮኸ፣ የባሏን የላብ መስመር እያየች ተቀመጠች። እኔ ወደ በሩ ማብሪያ ሁለት እርምጃ ሄድሁ።

“ተወው” አለችኝ።

ከቤት ውስጥ ሲሰሙት ይህ ድምፅ ጆሮ ያማል። እሱ ከዚህ ሥር ነበር የሚተኛው። ኤሌክትሪሻኑ ሁለት ጆሮውን ይዞ ግቢው መሀል ቆመ። ከአጥሩ ማዶ የመጀመሪያው ሰው ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ዘለለ። ሌሎች በበሩ ገቡ። በዚያ ቀን “ሌባው ሙቀቱ ነው” ብሎ ያሳቀው ወጣት ያለ ጫማ ሮጦ መጣ። መሣሪያ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የመጣ አለ። ገብተው አዩ። እሳት የለም፣ ሽፍታ የለም፣ እባብ የለም። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ምን ሆንሽ ያላት የለም። የውሸት ነው ያለ የለም። የተመለሰም የለም፤ ቆሙ፣ ግቢው ሞላ።

ሽማግሌው መጨረሻ ደረሱ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በዱላቸው እየተመረኮዙ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ከደፉ ላይ ቆመው እህቴን አዩ፤ አጠገቧ ያለውን ግድግዳም አዩ።

“በሩ አጠገብ ነው አያ” አለች ጮክ ብላ፣ ከሳይረኑ በላይ እንዲሰሟት። “በቀኝዎ። እስኪቆም ተጭነው ይያዙት።”

ዱላቸውን ለወጣቱ ሰጡና አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አደረጉ። ሳይረኑ ቆመ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የሰዎቹ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሽማግሌው ግንባራቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው፣ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር፣ እንደያዙት ቀሩ።

“ቆሟል እኮ አያ” አለች እህቴ። “ይልቀቁት።”

አልለቀቁትም።